ለክበቡ ማቀዝቀዣ የሰፋሁት ልብስ

የጋለ ላስቲክ ሽታ ከሌላው ሽታ ይለያል። መጀመሪያ ጉሮሮን ነው የሚይዘው፤ አፍንጫ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ በከተማችን ክበብ አጥር ጥግ ይህ ሽታ ያዘኝ። ከየት እንደመጣ በማላውቀው ጉልበት ጃንጥላዬን ጭቃው ላይ ጥዬ በዚህ ሰባ በተጠጋ ዕድሜዬ እየሮጥኩ በበሩ ገባሁ። «ሞላ! ማሽኑን አጥፋው! አጥፋው እልሃለሁ!» ሞላ የክበቡ ጥበቃ ነው፣ የልጆች አባት፣ ታዛዥ ሰው። ምን ሆንሽ ሳይለኝ ወደ አዳራሹ ገብቶ አጠፋልኝ። እኔ በጓሮ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሁለቱ ኤሲዎች የውጪ ክፍሎች ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ለብሰው፣ በሲባጎ ተጠፍረው ቆመዋል። ከአንደኛው ጥግ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሲባጎውን በእጄም በጥርሴም ብዬ በጠስኩት።

ሞላ ደርሶ ሸራውን ከእጄ ተቀበለኝ። «እትዬ የሺ፣ ምነው? እኔ እኮ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሰፋሁት» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የኛ አገር ሰው የወደደውን ነገር ያለብሳል። ራዲዮን አልብሰናል፣ ቴሌቪዥንን አልብሰናል፣ የሶፋ ክንድ፣ የስኳር ዕቃ፣ የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር አልብሰናል። አዲስ የመኪና ወንበር ላስቲኩ ሳይነሳለት ዐሥር ዓመት ይኖራል። የክበቡ ኤሲ ርሞት ራሱ እስከ ዛሬ ፌስታሉን ለብሶ በሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው። ሞላ ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው። እኔ ያደረግኩትን ነው። ልዩነቱ እሱ «የሰፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ ወዲያው መናገሩ ነው። እኔ ያችን ቃል ለመናገር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

አገራችንን የማያውቅ ሰው «ለመካነ ሰላም ደግሞ ኤሲ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እውነት ነው፣ ደጁ ብርድ ነው። አዳራሹ ግን ሌላ አገር ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፣ መስኮቶቹ ደግሞ ለይስሙላ የተሠሩ። አንዱ መስኮት ሊከፍት እጁን ሲሰድ ከአምስት ወንበር «ዝጋው! ንፋስ ይመታናል!» ይባላል። ሁለት መቶ ሰው ታፍኖ ሲቀመጥ በላብ ይጠመቃል፣ ሲወጣ የደጁ ብርድ ይቀበለዋል፣ በማግስቱ ግማሹ ከተማ ምች መታኝ ብሎ ይተኛል። እኔ ራሴ በሚያዝያ ሠርግ ላይ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ሲወድቁ አይቻለሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ልጆች አዋጥተው ክበቡን ሲያሳድሱ የማቀዝቀዣም የማሞቂያም ይሁን ብለው ላኩ፤ እንዲመርጥም ኮሚቴ ተቋቋመ። የድሮው ክበብ ጸሐፊ ስለነበርኩ እኔንም አስገቡኝ። ከገባሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ድሮም ስጋታም ሰው ነኝ፤ ድስት ጥጄ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ቅዳሴው ሳይሆን ድስቱ ነው የሚታየኝ። ይኼኛው ግን ከዚያ የባሰ ነበር።

የምርጫው ስብሰባ ላይ አቶ ጌታሁን ጠረጴዛውን እየደበደበ «ትልቁ ይምጣ! ከሁሉም ትልቁ! የጎረቤታችን የደጎሎ ሰው እንዳይስቅብን!» ይል ነበር። ጌታሁን ያኔ እኔ ጸሐፊ ሳለሁ የክበቡ ሊቀመንበር የነበረ ነው፤ አሁን ሰማንያን ሊደፍን ነው፣ ድምፁ ግን ያው ነው። የአሁኑ ሊቀመንበር መምህር ይማም ረጋ ያለ ሰው ነው። «አቶ ጌታሁን፣ የመብራቱ አቅም አለ፣ የአዳራሹ ስፋት አለ፣ የሰዉም ብዛት ይታያል። ትልቁን ሰቅለን መብራቱ በየደቂቃው ቢዘልስ? ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል ባይ ነኝ» አለ። እኔ ስለ ትልቅና ትንሹ አልነበረም የማስበው። ጀርባው የት ይሆናል? ማን ያየዋል? በየትኛው በኩል ዝናብ ይመታዋል? ይህን ብቻ ነበር የማስበው። ያኔ ይማም እንዲህ አለ፦ «አንድ የሚያማክረን ሰው አለ። ከማል የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን አሰብ ላይ ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ የኖሩ። ከመንፈቅ ወዲህ ተመልሰው እህታቸው ቤት ናቸው አሉ። መምረጡንም መያዙንም እሳቸው ቢረዱንስ?»

ጌታሁን ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ከማል? የሸህ ሰዒዱ ከማል? ክበቡን ያቃጠለው? አላህ ያውጣን! በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ነገር ነው፤ በታይፕ የመታችው እንኳ ራሷ የሺ ናት። አይደል እንዴ የሺ?» ሰባት ሰው ዞሮ አየኝ። ጠረጴዛው ላይ ዓይኔን ተክዬ «ቆየ እኮ» አልኩ። ያልኩት ይኼንኑ ነው። ቆየ እኮ። የከማል ነገር በዚያው ቀረ። ከደሴ የመጣ ባለሙያ በግማሽ ቀን ሰቅሎልን፣ «ማጣሪያውን በየወሩ እጠቡ» ብሎ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ማን ያጥበው? አንዱ ኤሲ በሦስተኛው ሳምንት መድረኩ ላይ ውኃ ያንጠባጥብ ጀመር፤ ሌላው አቧራ በልቶ እንደ አስም በሽተኛ ይታፈን ነበር። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ገበያ ብባል በዚያ፣ ለቅሶ ብባል በዚያ። አጥሩን ተጠግቼ ድምፁን አዳምጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ አንዴ የደረሰ ነገር ተመልሶ እንዳይመጣ ነበር የምፈራው።

ያ ዘመን አሰብ ለወሎ ሰው ጓሮው የነበረበት ዘመን ነው። ከየቤቱ አንድ ወንድ ወርዶ መርከብ ያራግፋል። ሲመለስ ሽቶ፣ የእጅ ሰዓት፣ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ፣ የባሕር ማዶ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል፤ ስለ ሙቀቱም ሲያወራ ይውላል። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ስወጣ ሽንሽን ቀሚሴን እያስተካከልኩ፣ ታኮ ጫማዬ ጠጠሩ ላይ እየተንገዳገደ፣ ገበያው መታጠፊያ ላይ ወዳለው፣ በትርፍ ሰዓቴ በጸሐፊነት ወደምሠራበት ክበብ እሄዳለሁ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም። ወንዶቹ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው፣ ፒንግ ፖንጉን ከበው ይጮኻሉ። ጌታሁን አፍሮው ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ባየሁ ቁጥር ያ ሁሉ ፀጉር የት ገባ እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶምቦላ አለ፣ ከቶምቦላው በኋላ ቴፑ ይከፈታል። ልብ የሚበላ የክራር ዘፈን ሲመጣ ያገባውም ያላገባውም እኩል ይተክዛል። ማን መጣ ማን ሄደ፣ በላይ ማን ተሾመ ማን ተሻረ፣ ያን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው የኪሮሽ ክር አንዱ ጥቅል ሰባ አምስት ሳንቲም እንደነበረና ነጩ ከክሬሙ ቶሎ ያልቅ እንደነበረ ነው።

ከማል ያን ጊዜ ነው ከአሰብ የተመለሰው። አባቱ ሸህ ሰዒድ ከከተማው ዳር ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ክርስቲያኑም ታሞ ዱዓ ሊያስደርግ የሚሄድባቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኪታቡን ይወርሳል ሲሉ እሱ የማቀዝቀዣ መካኒክ ሆኖ መጣ። አሠሪዎቹ አረጀ ብለው የጣሉትን ግድግዳ ውስጥ የሚሰካ ኤርኮንዲሽን አድሶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ለክበቡ ሰጠ። ግድግዳው ተቀደደ፣ ማሽኑ ገባ፣ ክበቡም ጄኔሬተሩንና ማሽኑን እንዲይዝ ከማልን ቀጠረው። ሸህ ሰዒድ ቢራ የሚሸጥበት ቤት በመቀጠሩ አልወደዱም። «ልጄ፣ እንጀራ ከሌላ ቦታም ይገኛል» ብለውት ነበር አሉ። እሱ ግን በሥራው ይኮራ ነበር። መጀመሪያ ያበራው ቅዳሜ ቀዝቃዛው አየር ፊታችን ላይ ሲመጣ ወጣቶቹ አጨበጨብን፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እየተጣደፉ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ጌታሁን የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ማሽኑ ፊት ቆመና «አሰብ ገባሁ!» ብሎ አሳቀን። ከማል እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «የሺ፣ ይኼ ማሽን የሚነፍሰው በፊቱ ነው፣ የሚተነፍሰው ግን በጀርባው ነው። እኔ በሌለሁበት ሰው ጀርባውን እንዳይነካብኝ። አደራ» አለኝ። አደራ ነው ያለው። ቃሏን አልረሳኋትም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማሽኑ ፊት ዳንቴል ሠራሁለት፤ ዳር ዳሩ ጽጌረዳ፣ መሐሉ ወፍ። ለማሽኑ ነው ያልኩት። እውነቱን ለመናገር ከማል አይቶት እንዲስቅ ነበር። ሳቀም። «ወላሂ፣ ሙሽራ አስመሰልሽው!» አለ። ሲያበራው ዳንቴሉን አጥፎ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሲያጠፋው መልሶ ያለብሰዋል። ከዚያ ክረምት ገባ። ከታይፑ ቀና ባልኩ ቁጥር ያ በጓሮ በኩል የወጣው ጀርባው በዝናብ ሲደበደብ ይታየኛል። ፊቱ ሙሽራ ጀርባው ራቁቱን መሰለኝ። አሳዘነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ወፍራም ላስቲክ ገዛሁ፣ በአቡጀዲ ገበርኩት፣ ጠርዙን በሐምራዊ ክር ሰፋሁና አለበስኩት። የሚበራው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አወልቀዋለሁ አልኩ። ሦስት ቅዳሜ አወለቅሁ። ለከማል አልነገርኩትም፣ ይቆጣኛል ብዬ። በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ላይ ድንገት ትልቅ እንግዳ መጣ ተባለ። ከጠዋት ጀምሮ የጌታሁንን የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ስመታ፣ ሲያሻሽለው፣ እንደገና ስመታ ዋልኩ፤ ላስቲኩ ትዝም አላለኝ። ከማልም አዳራሹ ቀድሞ እንዲቀዘቅዝ ቶሎ አብራ ተብሎ ታዘዘ። አበራ።

እንግዳው ንግግሩን ሲጀምር ሽታው መጣ። ቀጥሎ ጭሱ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «እሳት!» ብላ ጮኸች። ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው በበሩ ተጋፋ፣ እንግዳው በጠባቂዎቹ ተከቦ ወጣ። የሞተ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማሽኑ ግን ተቃጠለ፣ ግድግዳው እስከ ጣራው ጠቆረ፣ ከተማው አፈረ። አመሻሹ ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። እኔ ታይፔን ይዤ ጥግ ላይ ነበርኩ። ከማል እጁ ጥላሸት ሆኖ ገባና «ጀርባው ታፍኖ ነበር» አለ። «ማን አፈነው?» አለው ጌታሁን። የከማል ዓይን እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። አላረፈም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። «እኔ እንጃ» አለ ከማል። «እንግዲያማ ከማብራትህ በፊት ማየት የማን ፋንታ ነበር?» አለው ጌታሁን። ተወሰነበት። «በመካኒኩ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእነዚህ ጣቶች፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ መታሁት። ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚያው በጌታሁን ጥያቄ ነው። እውነት እኮ ነው፣ ዞሮ ማየት ነበረበት እያልኩ። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲቆም አይረታም።

በሳምንቱ ከማል በደሴ አውቶቡስ ሄደ። ወደ አሰብ ተመለሰ አሉ፤ አሰብ ስትዘጋ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ እንጃ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ታይፑ ቀርቶ ኮምፒዩተር መጣ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሸህ ሰዒድ ከዚያ ቀን በኋላ በክበቡ በር አልፈው አያውቁም፤ መስጊድ ሲሄዱ ዙሪያውን በወፍጮ ቤቱ በኩል ይዞሩ ነበር። «የኔ ልጅ የሰው ቤት አቃጠለ» ይሉ ነበር አሉ፣ እንደተፈረደባቸው ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እሳቸው ሲሞቱ ለቅሷቸው ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጫለሁ። ልጃቸው ዘይነባ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ያኔም አልተናገርኩም። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

የሞላን ሸራ በገፈፍኩ ዕለት መምህር ይማም ለሐሙስ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው «ኤሲዎቹን ማን ይያዝ» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የምሄድበት ነበረኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ፤ አንዴ መድኃኒቴን ረሳሁ ብዬ፣ አንዴ ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ፣ ሦስተኛውን ምክንያት እንኳ አላስታውሰውም። ዘይነባ በሩን ከፍታ «ኧረ መርሐባ! እትዬ የሺ በኛ ቤት? ምን እግር ጣለዎት!» አለች። ከማል በረንዳው ላይ ባና ደርቦ ተቀምጧል። ፂሙ ነጭ ሆኗል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። የሺ ነሽ? ድምፅሽ ያው ነው።»

«እንዴት ከረሙ?»

«አንቱ ካልሽኝማ የመጣሽው ለክፉ ነው» ብሎ ሳቀ። ዘይነባም ስቃ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በርጩማው ላይ ተቀምጬ፣ የነጠላዬን ጫፍ እየጠቀለልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፦ «ከማል፣ ያን ቀን የማሽኑን ጀርባ ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ላስቲኩ ቀልጦ ጠርዙ ተርፎ ነበር። ሐምራዊ ክር። ስፌትሽን የማላውቅ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ስብሰባው ላይ ጠበቅኩሽ። በማግስቱ ቤት ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩሽ። አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ እንኳ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ አይ ነበር። ረዳቱ ‹ወንድም፣ የሚሸኝህ ሰው አለ እንዴ?› ብሎኛል።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቅም፣ ሲያውቅ ይጠላኛል ብዬ ነበር የምፈራው፤ እያወቀ ሲጠብቀኝ እንደነበረ አንድ ቀን እንኳ አልመጣብኝም። አለቀስኩ። «አፉ በለኝ ከማል» አልኩት። «አብሽሪ» አለኝ፣ ግን አፉ ብዬሻለሁ አላለም። «ለኔ የነገርሽኝ የማውቀውን ነው። የማያውቁት እዚያ ናቸው።» ያኔ እንባዬን ጠርጌ ስለ ሐሙሱ ስብሰባ ነገርኩት። እናገራለሁ፣ ሥራውንም ለአንተ እንዲሰጡህ አደርጋለሁ አልኩ። እጆቹን ከጉልበቱ አንስቶ ፊቴ ዘረጋቸው። «ይኼን እጅ አየሽው? ቡሎን ማጥበቅ ቀርቶ የቡና ፍንጃል ይደፋብኛል። ሥራውስ አለፈኝ የሺ። ስሜን ብቻ አምጪልኝ።»

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ስገባ ኤሲው ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እኔ ገና ሳልቀመጥ አልቦኛል። ይማም «ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነው፤ ማን አለበሰ ከማለት ለምን እንደተለበሰ እንነጋገር» ብሎ ጀመረ፣ ሞላን እንዳያሳፍረው። ተነሳሁ። ጌታሁን «ኧረ ተቀምጠሽ ተናገሪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቀዋለሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። አደራውን፣ ላስቲኩን፣ ረቡዑን፣ ካርቦኑን። ነገሩን የማያውቁት ሁለቱ ወጣት አባላት ግራ ተጋብተው ይተያያሉ። «ታዲያ እስከ ዛሬ?» አለኝ ጌታሁን።

«ፈራሁ» አልኩት። «መጀመሪያ አንተን ፈራሁ፣ ከክበቡ ሥራ ታባርረኛለህ ብዬ። ቀጥሎ አባቴን፣ ቀጥሎ ባሌን፣ ቀጥሎ ልጆቼን። አባቴም ባሌም አለፉ፤ ልጆቼ አደጉ። ፍርሃቱ ብቻ ነው የቀረው።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከማል ‹እኔ እንጃ› ሲል ዓይኑ ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። እንግዳው ፊት ተዋርጄ ነበር፣ የማቃጥለው ሰው እፈልግ ነበር።» ይማም ብዕሩን አንስቶ «ይሄ ይጻፍ?» አለ። «ይጻፍ» አልን ሁለታችንም። ጻፈው፣ ጮክ ብሎም አነበበው። ስለ ኤሲዎቹም ተወሰነ፦ ከላያቸው ቆርቆሮ እንዲሠራላቸው፣ አራቱም ጎን ክፍት እንዲሆን፣ ሞላ በየወሩ ማጣሪያውን እንዲያጥብ፣ ከማል ፈቃደኛ ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲያሳየው።

ከአዳራሹ በቀጥታ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ለከማል አንድ በአንድ ነገርኩት። «ጌታሁን ምን አለ?» አለኝ፤ የጌታሁንንም ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፣ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

«አባባስ?» አለ በመጨረሻ። «አባባን ማን ይንገራቸው?»

የነጠላዬን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀብራቸው እሄዳለሁ» አለ። «ነይ።»

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ዘይነባ ክንዱን ይዛ ትመራዋለች፣ እኔ ጭቃውን እየመረጥኩ ከኋላ እከተላለሁ። መቃብሩ ከመንገዱ ዳር፣ ከጥዶቹ ሥር ነው። ከማል የሚንቀጠቀጡ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ ፊቱን ዳበሰ፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «በይ» አለኝ።

«ሸህ ሰዒድ» አልኩ። «እኔ የሺ ነኝ። ያን እሳት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልጅዎ አይደለም። አደራ ሰጥቶኝ አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ።» ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ከማል ዓይኑን ከድንጋዮቹ ሳያነሳ «ጮክ በይ የሺ» አለኝ። «አባባ በስተመጨረሻ ጆሯቸው ከብዶ ነበር።»

ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች እስኪቆሙ ድረስ።